የእናቴ ንፍሮ የተመለሰ ዕለት

ይህ ነገር የደረሰብኝ ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂካል ኢንጂነሪንግ ስማር ነው። የትምህርቱን ስም ለመንደሬ ሰዎች ማስረዳት ትምህርቱን ከመማር ይከብደኝ ነበር። መንደራችን ከመካነ ሰላም ወደ ወግዲ በሚወስደው መንገድ፣ ጉም የማይለየው ደጋ ላይ ናት። እዚያ ኢንጂነር ማለት መንገድ የሚቀይስ ሰው ነው። ለዕረፍት በመጣሁ ቁጥር «መዲና፣ ይቺን መንገድ መቼ ነው የምትሠሪልን?» ይሉኛል። «ባዮሎጂካል» የምትለዋን ቃል የሰሙት ደግሞ «አብሽሪ፣ አስተማሪነትም አይከፋም» እያሉ ያጽናኑኛል።

ካምፓስም ውስጥ ከዚህ የተሻለ አልገጠመኝም። ሲቪልና ኤሌክትሪካል የሚማሩት የዶርም ጓደኞቼ «የፋንድያ ኢንጂነር» ይሉኝ ነበር። ስቄ አልፋቸዋለሁ፤ ውስጤ ግን ይበግናል። የሚያበግነኝ ደግሞ ስድቡ ልክ መሆኑ ነው። የምንማረው በዐይን የማይታዩ ተሕዋስያንን እንደ ሠራተኛ ቀጥረን ማሠራትን ነው። እነዚህ ሠራተኞች ደግሞ ሥራ የሚወዱት ሰው አፍንጫውን ይዞ በሚሸሽበት ቦታ ነው። ስለዚህ ሰው ሲጠይቀኝ «ኢንጂነሪንግ ነው የምማረው» ብዬ የቀረውን እውጠው ነበር።

እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ያበሰለችው በኩበት ነው። እኛ ዘንድ የሚቆረጥ እንጨት ካለቀ ቆይቷል። ዐይኖቿ ሁልጊዜ ቀልተው ያነባሉ፤ ጤና ጣቢያ ስትሄድ ቅባት ሰጥተው «ጭስ እንዳይነካሽ» አሏት። ይህን ስትነግረኝ ከልቧ ሳቀች። ጭስ ሳይነካው የሚያበስል ሰው አይታ አታውቅማ! እኔ ግን ሳቋ አልተጋባብኝም፤ ተናድጄ ወደ ውጭ ወጣሁ።

የመስክ ልምምድ ሲደርስ ጓደኞቼ ፋብሪካ መረጡ፤ እኔ የአባቴን ግቢ መረጥኩ። አማካሪዬም ፈቀዱልኝ። ሲሚንቶውንና ቱቦውን ባዮጋዝ የሚያስፋፋ ፕሮግራም ቻለልን። ድንጋዩን አባቴና ዘመዶቻችን ለቀሙ፤ ከመካነ ሰላም የመጣ ግንበኛ ገነባው፤ ጉድጓዱን እኔም ቀሚሴን ሰብስቤ ከወንዶቹ ጋር ቆፈርኩ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ የከብቶቹ እበት በውሃ ተበጥብጦ ወደ ጉድጓዱ ይገባል፣ አየር በሌለበት ይብላላል፣ ከዚያ የሚወጣው ጋዝ በቀጭን ቱቦ እስከ እናቴ ማድቤት ይሄዳል። ብርድ እንዳያደነዝዘው ጉድጓዱን በገለባና በአፈር አለበስኩት።

ከጎኑ አዲስ መጸዳጃ ቤት ሠራንና እሱንም በቧንቧ ከጉድጓዱ ጋር አገናኘነው። ይህን ያደረግነው በጠራራ ፀሐይ፣ አላፊ አግዳሚው እያየን ነው። ከዚያ በፊት የእኛም የጎረቤቶቻችንም መጸዳጃ ሜዳው ነበር። ዝናብ ጠርጎ ወደ ወንዝ ይወስደዋል፤ የምንጠጣውም ከዚያው ወንዝ ነው። እኔ ሁለቱንም ችግር በአንድ ጉድጓድ መገላገል ፈለግሁ።

ሰማያዊው እሳት በእናቴ ማድቤት የነደደ ቀን እናቴ ለረጅም ጊዜ ቆማ ስታየው ቆየች። «ጭሱስ?» አለችኝ። «የለውም» አልኳት። «እንዴት የለውም?» እያለች ማድቤቱን ዞራ ፈለገችው።

ብዙም ሳይቆይ ጎረቤታችን ጋሽ አስማማው አረፉ። ቤታቸውን ከቤታችን የሚለየው አጥር ብቻ ነው። እነሱ ክርስቲያን ናቸው፣ እኛ እስላም ነን፤ ቅሬያችን ግን አንድ ነው። ቅሬን ለማታውቁ ልንገራችሁ፦ የሞተን የሚቀብር፣ ድንኳን የሚተክል፣ የተጣላን የሚያስታርቅ የመንደር ማኅበር ነው። ከቅሬ የወጣ ሰው የቤቱን ሬሳ ለብቻው ይቀብራል። ስጋ አንዳችን ከአንዳችን ቤት ባንበላም ንፍሮ የሁላችንም ነው። ስለዚህ እናቴ ስንዴና ሽንብራ ቀቅላ፣ በመሶብ አድርጋ ወደ ለቅሶው ድንኳን ሄደች።

ዝም ብላ ብታስቀምጠው ኖሮ ምንም ባልተፈጠረ ነበር። እሷ ግን ደስታዋን መያዝ አልቻለችም። «ቅመሱልኝ፣ በአዲሱ እሳት ነው የቀቀልኩት፤ ጭስ የሚባል አልነካውም» አለቻቸው፣ ለቅሶ ቤት ውስጥ! ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሁሉም ቧንቧው ከየት እንደሚመጣ ያውቃሉ።

ወደ ቤት ስትመለስ መሶቡ እንደተከደነ ነበር። አስቀመጠችውና አጠገቡ ተቀመጠች።

«አልበሉልኝም» አለች።

«ለምን?»

«የሰገራ እሳት ነው አሉ። ነጃሳ ነው፣ ርኩስ ነው አሉ።» ከዚያ ቀስ ብላ፣ «አንዷም አልቀመሰችልኝ፣ ወላሂ» አለችኝ።

የእናቴ ዐይን ዕድሜ ልኩን ሲያነባ አይቻለሁ። ያን ቀን ግን ጭስ አልነበረም። እንደዚያ የተናደድኩበትን ሌላ ቀን አላስታውስም።

ወሬው ከእኛ ቀድሞ መንደሩን ዞረ። ከሰዓት በኋላ አባቴ ከለቅሶ ቤት ፊቱ ጠቁሮ መጣ። የቅሬው ዳኛ ጋሽ ሙሄ አስጠርተው «ነገ ጠዋት ቅሬው ይነጋገርበታል። ወይ ጉድጓዱ ይደፈናል፣ ወይ ቅሬያችንን ትለቃለህ» ብለውታል። አባቴ ያሲን ኃይለ ቃል የማይወጣው ሰው ነው። «ይደፈን ካሉ እደፍነዋለሁ» አለኝ ዐይኔን ሳያይ። «አንቺ ነገ ከነገ ወዲያ ወደ ትምህርትሽ ትሄጃለሽ፤ እኛ ግን እዚሁ ነን።»

እውነቱን ነው።

ቀጥሎ አጎቴ ሰይድ መጣ። ብልጥ ሰው ነው፣ ክፋት የለበትም። «ቀላል ነገር ነው» አለኝ። «የመጸዳጃው ቧንቧ ገና አልተገናኘም በይ። የላም እበት ብቻ ነው በይ። የላም እበት ማን ይጸየፋል? ግድግዳችንን የምንለቀልቀው በሱ አይደል?»

«ተገናኝቷላ!»

«ማን ጉድጓድ ገብቶ ያያል?»

«አያ ሰይድ፣ ከዋሸሁ እኮ እሳቱ ነውር ነው ብዬ አመንኩ ማለት ነው። አልዋሽም።»

«እልኸኛ! በማን ወጣሽ አንቺ?» ብሎ ጋቢውን እያጣፋ ሄደ።

እሱ ከመውጣቱ የቀበሌው ሊቀመንበር ገቡ። ዘመኑ ሁሉ ነገር በልማት ስም የሚጠራበት ነበር፤ ዛፍ መትከልም ልማት፣ ስብሰባ መቀመጥም ልማት። «ሰምቻለሁ» አሉኝ። «ይሄ የለየለት ፀረ ልማትነት ነው። አንድ ቃል ተናገሪና እነ ሙሄን ነገውኑ ጠርቼ ልክ አስገባቸዋለሁ። ጉድጓዱን ማንም አይነካብሽም።»

አልክድም፣ ለአፍታ ልቤ ወደደው። ግን እናቴን አየኋት፤ መሶቡ አጠገብ እንደተቀመጠች ነበረች።

«አመሰግናለሁ ጋሼ» አልኳቸው። «እርስዎ ልክ ያስገቧቸው ሰዎች ግን ነገ እናቴን ሊቀብሩ አይመጡም። ይተዉልኝ።»

ተቀይመውኝ ሄዱ። ወደ አባቴ ዞሬ «ነገ እኔ ልናገር» አልኩት።

«ሴት ልጅ ቅሬ ፊት ተናግራ አታውቅም።»

«ሴት ልጅ ጉድጓድ ቆፍራም አታውቅም ነበር።»

አባቴ ሳይወድ በግዱ ፈገግ አለ።

በማግስቱ ጠዋት ጉሙ ገና አልተገለጠም ነበር። የቅሬው ወንዶች ድንኳኑ ደጃፍ ላይ በክብ ተቀመጡ። የሟች ባለቤት እትዬ የሺ ከሴቶች ጋር ድንኳኑ ውስጥ ናቸው። በአንድ ወገን መንደሩ የሚያከብራቸው ሸህ እንድሪስ፣ በሌላ ወገን ቄስ ሞላ ተቀምጠዋል፤ መሐል ላይ ጋሽ ሙሄ።

«ያሲን» አሉ ጋሽ ሙሄ፣ «ክፉ አላየንብህም። ልጅህም ተምራልናለች፣ ማሻአላህ። ይህ እሳት ግን የተጸየፍነውን ነገር ወደ አፋችን የሚመልስ እሳት ነው። እስላሙም ክርስቲያኑም የሚበላው ከአንድ መሶብ ነው፤ መሶቡን አናስረክስም። ይደፈን።»

አባቴ አንገቱን ደፋ። ሊናገር ከንፈሩን ሲያላቅቅ ከኋላ ተነሣሁ። «ጉድጓዱን ያሠራሁት እኔ ነኝ። የሚጠየቅ ካለ እኔ ልጠየቅ» አልኩ። ማጉረምረም ተነሣ።

«ተቀመጪ!» አሉ ጋሽ ሙሄ።

«ትናገር እንጂ» አሉ ቄስ ሞላ። «ከሳሽ ብቻ የሚሰማ ዳኝነት አለ እንዴ?»

ወደ ሸህ እንድሪስ ዞርኩ። «ሸህዬ፣ እርስዎ ኪታቡን ያውቃሉ። የከብት እበት ነጃሳ ነው ወይስ አይደለም?»

ሸሁ አዩኝ። ጥያቄው ወዴት እንደሚሄድ ገብቷቸዋል። «በኛ መዝሃብ፣ በምንከተለው የሃይማኖት ሕግ፣ ነጃሳ ነው» አሉ።

ሰዉ ተንጫጫ። «ታዲያ ዕድሜ ልካችንን በኩበት ስናበስል?» አልኳቸው።

«ችግር ነው ልጄ። አላህ ለችግር ይቅርታ አለው። ጥቂቱ ጭስ ይታለፋል።»

«ዐይን የሚያጠፋው ጭስ ከታለፈ፣ ጭስ የሌለው እሳት ምን አጠፋ?»

«የላምና የሰው አንድ ነው?» ብለው ጋሽ ሙሄ ጮሁ።

«የሰውንማ ከወንዙ ጋር ስንጠጣው ኖረናል!» አልኩ፤ ድምፄ ከፍ አለ። «ሜዳ ላይ ትተነው ዝናብ ወደ ውሃችን ሲጠርገው ማንም ቅሬ አልጠራም። ጉድጓድ አስገብቼ ስዘጋበት ነው ነውር የሆነው?»

አንዳንዱ ሳቀ፣ አንዳንዱ «አስተግፊሩላህ» አለ። አባቴ በእጁ ፊቱን ሸፈነ። ያን ጊዜ ሸህ እንድሪስ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ተነሡ። «ያላየሁትን አልፈርድም። እሳቱን አሳዪኝ» አሉ።

ሁሉም ተነሥተው ወደ እናቴ ማድቤት ጎረፉ። ሸሁ፣ ቄሱና ጋሽ ሙሄ ገቡ፤ ሌላው በሩ ላይ ተደራረበ። ክብሪት ለማንሣት ጎንበስ ስል ጋሽ ሙሄ «ይህ ነው?» ብለው የምድጃውን መክፈቻ አዞሩት። ጋዙ ሳይለኮስ ፉጨት እያሰማ ወጣ፤ የበሰበሰ እንቁላል የመሰለ ሽታ ማድቤቱን ሞላው።

«ይኸው! ይኸው ሽታው!» አሉ ጋሽ ሙሄ አፍንጫቸውን በጋቢያቸው ይዘው። በሩ ላይ ያለው ሰው አፈገፈገ። «ያረቢ» አለች እናቴ። አጎቴ ሰይድ ከሰዉ መሐል «ነግሬሽ ነበር» በሚል ዐይን አየኝ። አለቀልኝ ብዬ ነበር፣ አልዋሻችሁም።

መክፈቻውን ቶሎ መልሼ ዘጋሁት። «ማንም ክብሪት እንዳይጭር!» አልኩ። «በሩን ልቀቁ። ሽታው ወጥቶ እስኪያልቅ ትጠብቃላችሁ።» ሽማግሌዎቹን ቁሙ ብዬ አቆምኳቸው፣ እነሱም ቆሙ። ያልተለኮሰ ጋዝ እንደሚሸትና ሲነድ ሽታው አብሮ እንደሚቃጠል ብነግራቸውም ያመነኝ አልመሰለኝም። ነፋሱ ጉሙን እያስገባ ሽታውን አስወጣ። የመጀመሪያው ክብሪት ርሶ ነበርና እጄ ላይ ተሰበረ። ሁለተኛው ተጫረ። መክፈቻውን ቀስ ብዬ አዞርኩት።

ሰማያዊ እሳት በምድጃው ዙሪያ ተነሣ። ድምፅ የለው፣ ጭስ የለው። ቄስ ሞላ ጎንበስ ብለው አሸተቱ፤ ደግመው አሸተቱ። «የለም» አሉ። «ሽታው ጠፋ።»

ሸህ እንድሪስ ጥምጣማቸውን ፈቱ። «ውሃ መርከሱ የሚታወቀው በሦስት ነገር ነው፤ በቀለሙ፣ በሽታው፣ በጣዕሙ። እሳትም እንግዲህ በሱ ይመዘን» አሉና ነጩን ሻሽ ከእሳቱ ከፍ አድርገው ያዙት። ሻሹ እንደነጣ ቆየ። ያን ጊዜ እናቴ ቀረብ አለች። በጣቷ ወደ ጣሪያው አመለከተች፤ ጣሪያው ጥቀርሻ ተጋግሮበታል። «ያ የኩበቱ ነው ሸህዬ» አለች። «እኔም ውስጤ እንዲያ ሳይሆን አይቀርም።»

ሸሁ ሻሹን አጥፈው ያዙ። «ሐራም ነው የሚያሰኝ ነገር አላየሁም። ሐላል ነው ለማለት ኪታቤን ልመልከት። እስከዚያ ግን ሰው ከቅሬ ማስወጣት ላይ እጄን አላስገባም።»

«እንግዲያው እስከዚያ ይደፈን» አሉ ጋሽ ሙሄ።

ቁርጡ የደረሰው ያን ጊዜ ነው። ትናንት የተመለሰውን ንፍሮ እናቴ ወደ ድስት ገልብጣው ነበር። እሳቱ ላይ ጣድኩትና እስኪሞቅ ጠብቄ፣ ወደ መሶቡ ገልብጬ ብድግ አደረግሁት። «ይህ ንፍሮ የተቀቀለው ለጋሽ አስማማው ለቅሶ ነው» አልኩ። «አልበላም የሚል አይብላ። አልፈልገውም ብሎ የሚመልሰው ግን የለቅሶው ባለቤት እንጂ ቅሬው አይደለም።» በመሐላቸው አልፌ ወጣሁ። ሁሉም ተከተሉኝ።

እትዬ የሺ ጥቁር ለብሰው፣ በለቅሶ ድምፃቸው ሰልሎ ድንኳኑ ጥግ ተቀምጠዋል። መሶቡን ከፊታቸው አስቀምጬ ተንበረከክሁ።

«ምንድን ነው ልጄ?»

«ትናንት የተመለሰው ንፍሮ ነው እትዬ። እሳቱ ከከብቶቻችንም ከመጸዳጃ ቤታችንም የመጣ ነው። ልደብቅዎ አልፈልግም። ካልፈለጉት እኔው ይዤው እመለሳለሁ፤ አባቴም ጉድጓዱን ይደፍነዋል።»

እትዬ የሺ ቀና ብለው ሴቶቹን አዩ። «ማን ነው የመለሰው?» አሉ። «እኔ ቤት የመጣ ንፍሮ ማን ነው የመለሰው?»

በእጃቸው ወደ እኔ አመለከቱ።

«አስማማው ራሱን ሳያውቅ አልጋ ላይ ሲከርም፣ ልጆቼ ዓረብ አገር ሳሉ፣ አንሶላውን እያወጣች ስታጥብልኝ የነበረችው የዚች ልጅ እናት ናት። የእሱን ቆሻሻ ያነሣችው በእጇ ነው። በዚያው እጇ እንጀራ ስትጋግርልን እናንተም እዚህ መጥታችሁ በልታችኋል። ያኔ ማን ተጸየፋት?»

እጃቸውን ሰደው አንድ ጭብጥ ዘገኑ። ቀስ ብለው አላመጡ። ከዚያ ለጎረቤታቸው ዘግነው ሰጡ። ሴትየዋ ተቀበለች። ቄስ ሞላ ሲያማትቡና ሲዘግኑ አየሁ። ሸህ እንድሪስ «ሦስተኛው ጣዕሙ ነበር» አሉና «ቢስሚላህ» ብለው ቀመሱ። ትንሽ አሰቡ።

«ጨው አንሶታል» አሉ።

ለቅሶ ቤት መሳቅ ነውር ነው፤ እትዬ የሺ ሳይቀሩ ግን ሳቁ። እናቴ ከድንኳኑ ውጭ፣ ከአባቴ ጎን ቆማ በነጠላዋ አፏን ይዛለች። ጋሽ ሙሄ ከዘራቸውን አንሥተው ሄዱ።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ቀን በኋላ የትምህርቴን ስም ቆርጬ ተናግሬ አላውቅም። «የፋንድያ ኢንጂነር» ሲሉኝ «የሰገራም ጨምሩበት» እላቸዋለሁ። ያገኘሁት ዕውቀት ብቻ አይደለም፤ ማፈር የሌለብኝ ነገር ላይ ማፈር አቆምኩ። ይህን ደግሞ ሌክቸር ክፍል ውስጥ ማንም አላስተማረኝም።

የመመረቂያ ሥራዬን ሳቀርብ አንድ መምህር «ለወደፊቱ ባህሉን ለማክበር ሲባል የመጸዳጃው መስመር ቢቀር ይሻላል ብለሽ ማጠቃለያሽ ላይ ጻፊ» አሉኝ። ሰውየው አክባሪና ቅን ናቸው። እኔ ግን አልጻፍኩም። የትኛውን ባህል ነው የማከብረው? ንፍሮውን የመለሰውን ነው ወይስ ዘግኖ የበላውን? ሁለቱም የተፈጸሙት አንድ ድንኳን ውስጥ ነው። ቢሮ ቁጭ ብላችሁ «ሕዝቡ አይቀበለውም» የምትሉ ሰዎች፣ ሕዝቡ ማን እንደሆነ ከመወሰናችሁ በፊት እውነቱን ንገሩትና ፊት ለፊቱ ቁሙ። ሊያባርራችሁ ይችላል። እኔም ልባረር ተዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት። ዋሽቶ ማምለጥንም፣ በሹም አስፈራርቶ ማሸነፍንም ግን ዛሬም እንቢ እላለሁ።

ሁሉም አልተዋጠለትም። ጋሽ ሙሄ ይኸው እስከ ዛሬ ከቤታችን እህል አይቀምሱም። ለሰላምታ ይመጣሉ፣ ደጅ ላይ ቆመው አባቴን ያጫውቱታል፣ እናቴ «ግቡ እንጂ» ስትላቸው «ጠግቤያለሁ» ይላሉ። አይቅመሱ፤ መብታቸው ነው። ጉድጓዱን ግን አላስደፈኑትም።